የታዲዮስ ማሽን

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሥራ ነው፤ አዲሱን ሰርቨር ስተክል የምሰጠውን ትእዛዝ ሁሉ በተራ ልጽፍበት። ታዲዮስ "ሳልጽፍ ከወንበሬ አልነሳም" ይል ነበር። እኔ አሥር ዓመት ሙሉ ሳልጽፍ ነው የሠራሁት፤ አለቃው ስለነበርኩ ማንም አልጠየቀኝም። አሁን እሱ የለም፣ ጸሐፊው እኔ ሆኛለሁ።

ጠዋት ርእሰ መምህሩ አቶ ደግፌ አስጠሩኝ። ስለ ኮምፒዩተር ሲያወሩ ስለ ታመመ ከብት የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። "ያቺ አሮጌ ማሽን ትተርፋለች ወይስ አትተርፍም?" አትተርፍም አልኳቸው። ከደረጃው ሥር ያለው ጓዳ ክረምት በገባ ቁጥር ያንጠባጥባል፣ ማራገቢያዋም እያቃሰተ ነው። የትምህርት ቤቱ የአሥራ ስምንት ዓመት የተማሪ ውጤት ያለው ደግሞ እሷ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ የዲስኳን ሙሉ ግልባጭ ወስጄ አዲሱ ሰርቨር ላይ ቨርቹዋል ማሽን አድርጌ ላስነሳት ነው፤ ኮምፒዩተር በኮምፒዩተር ውስጥ ማለት ነው። አካሏ ይጣላል፣ ውስጧ ግን በሌላ አካል ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። ምዝገባ ነሐሴ 20 ስለሚጀምር ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት።

ሰው ሁሉ "የታዲዮስ ማሽን" ነው የሚላት። ነገ ከሞተ ሳምንቱ ነው።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ግልባጩን ጀመርኩ። አንድ መስመር ትእዛዝ፣ ከዚያ መጠበቅ። ዘጠኝ በመቶ። አሥራ አንድ በመቶ። መብራት ሄደ። እንደገና ከዜሮ።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

እናቱ መጡ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ይባላሉ። በዚህ ጭቃ ከአስኮ ሁለት ታክሲ ይዘው። ከመስኮት አየኋቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው በር ላይ ከጥበቃው ጋር ቆመዋል። ልወርድ አስቤ ነበር። ግልባጩ ሃያ ሦስት በመቶ ላይ ስለነበር ትቼው መሄድ አልቻልኩም።

የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ አልማዜ ወርዳ አነጋግራቸዋለች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። "ያገኙትን ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚጠይቁት" አለችኝ። "ማን ላከው? ነው የሚሉት።"

ስለ አሟሟቱ በተጻፈው ወረቀት ላይ መልሱ አለ። "ሠራተኛው ማንም ሳያዘው በራሱ ፈቃድ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወድቋል።" አቶ ደግፌ ናቸው ያረቀቁት፤ ከሥሩ የእሳቸው፣ የአስተዳደር ኃላፊውና የእኔ ፊርማ አለ። ሲያመጡልኝ "ማንም አልላከውም፣ አይደል?" ብለው ቀና ብለው አዩኝ። እስክሪብቶውን ክዳኑን ከፍተው ነው የሰጡኝ። ያን ለታ ሁላችንም ተደናግጠን ነበር።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ሻይ ክፍል ሁለት መምህራን ሲያወሩ ሰማሁ። "እጮኛው ትታው ነበር አሉ።" "እኔም ሰምቻለሁ። በዚያ ዝናብ የአራተኛ ፎቅ ጣሪያ ላይ ማን ጤነኛ ሰው ይወጣል? ካላዘዙት ምን ሊሠራ ወጣ? ራሱን ነው እንጂ።"

ስገባ ወሬ ቀየሩ። ሻዬን ጠጣሁ። እጮኛው አልተወችውም፤ ለጥር ሠርጋቸው ሱፍ የት እንደሚሰፋ ጠይቆኝ ነበር። ይህን ልናገር አፌን ከፍቼ ስለ ኢንተርኔቱ መቆራረጥ አወራሁ።

ማታ። ግልባጩ ስልሳ በመቶ ደርሷል። አንድ ነገር ልጻፍ፣ ከራሴ ጋር ለምን እደባበቃለሁ። ማሽኗ ውስጥ "ሥራ" የሚባል ፋይል አለ። ታዲዮስ ምንም ነገር ከመጀመሩ በፊት እዚያ ይጽፋል፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሥራውን፣ ያዘዘውን ሰው ስም። አንድ ጊዜ ሳይታዘዝ ኬብል ቆረጠ ተብሎ ደመወዝ ከተቀጣ ወዲህ ነው የጀመረው። ሐምሌ 8ም የጻፈው ይኖራል። ይኖራል ብዬ ነው የምገምተው።

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

ዓለም ባንክ ሰፈር ታክሲ ውስጥ ሆኜ እስኪሞላ ስጠብቅ ዝናቡ ወረደ። አንዲት ልጅ ከመጠለያው ወጥታ መሳፈር ፈርታ ቆመች። ረዳቱ "ግቢ እንጂ፣ ጨው ነሽ እንዴ ትሟሚያለሽ?" ብሎ ሳቀ። ተሳፋሪውም ሳቀ።

ጮህኩበት። እንዲህ ብለህ ሰው አታናግርም አልኩት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ረዳቱም "ፋዘር፣ ምን ሆነሃል፣ ቀልድ እኮ ነው" አለኝ። ከታክሲው ወርጄ እስከ ዘነበወርቅ በእግሬ ሄድኩ። በስብሼ ገባሁ።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

መቶ በመቶ! አንዳንድ ቦታ የተበላሸ አለ፣ ግን መዝገቡ ያለበት ክፍል ደህና ነው።

አዲሱ ሰርቨር ስክሪኑ ጥቁር ብቻ ነው፤ ማውስም የለው፣ ሥዕልም የለው፣ የምትፈልገውን ሁሉ በጽሑፍ ነው የምታዘው። አራት ጊጋ ሚሞሪ፣ ሁለት ፕሮሰሰር፣ ዲስክ ግልባጩ ያለበት። ከዚያ ስም ስጠው ይላል፤ ያለ ስም አይፈጥርም። ቸኩዬ ነበር። ሁሉም እንደዚያ ስለሚጠራት እጄ የለመደውን ጻፈ።

ከዚያ ያሉትን ማሽኖች ዘርዝር ብዬ ሳዝ አንድ መስመር ወጣ። "ታዲዮስ" ይላል፣ ከጎኑ ደግሞ "ጠፍቷል"። ወንበሬን ገፋ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ። ልቀይረው እችል ነበር፣ አንድ ትእዛዝ ነው። ሰኞ እቀይረዋለሁ።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

አልቀየርኩትም።

ተነሥ ብዬ አዘዝኩት። ዘርዝር ስለው "ታዲዮስ፣ እየሠራ ነው" አለኝ። ግን ምንም እየሠራ አልነበረም፤ ዲስኩን አላገኘሁም ብሎ ደርቆ ቀርቷል። ዝጋ ብለው አይሰማም። እንዲህ ሲሆን በግድ የምታጠፋበት ትእዛዝ አለ። ዲስትሮይ ይባላል፣ ደምስሰው ማለት ነው፤ ከኋላው የማሽኑን ስም ትጽፋለህ። ምንም የሚጠፋ ነገር የለም፣ ሶኬት እንደመንቀል ነው፣ በቀን አሥር ጊዜ የጻፍኩት ትእዛዝ ነው። ጻፍኩት። ደምስሰው፣ ታዲዮስን። ጣቴ ማረጋገጫው ቁልፍ ላይ ተንጠለጠለ።

ተነሥቼ የሰርቨሩን ሶኬት ነቀልኩት። አሥር ዓመት የሠራ ቴክኒሻን! ታዲዮስ ቢያየኝ ሆዱን ይዞ ይስቅብኝ ነበር።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ፍልሰታ ገባ። አልማዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትጾም ከሰዓት በኋላ አታናግሯትም።

ዲስኩን በሌላ አገናኝ አስያዝኩት፤ አሮጌው ሲስተም አዲሱን ዓይነት ስለማያውቅ ነው የደረቀው። አሁን ተነሣ። የማውቀው ጽሑፍ በረድፍ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ቆመ። ዲስኩ ተቆልፏል፣ ፓስወርድ ስጥ ይላል። አላውቀውም። አሮጌዋ ማሽን እምብዛም ስለማትጠፋ ከእሱ በቀር ማንም ተጠይቆ አያውቅም፤ መብራት ሲሄድ የሚያስነሳት እሱ ነበር።

አቶ ደግፌ በር ላይ ቆመው "እንዴት ሆነ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ብቻ መዝገቡን አውጣ። የልጁን የግል ጽሑፍ ምናምን አትጎርጉር፤ የሞተ ሰው ገመና ነው" አሉኝ። ገመና ሲሉ ደህና ሰው ይመስላሉ።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

የልደት ቀኑ። የእጮኛው ስም። የትምህርት ቤቱ ስም። የስልክ ቁጥሩ። የሚደግፈው ቡድን። ሦስቴ ስትሳሳት ከመጀመሪያው ያስነሳሃል። ዛሬ አርባ ጊዜ ሳልሞክር አልቀረሁም።

አንድ ቀን እንደቀልድ ጠይቄው ነበር። "ቄሱና እናቴ ብቻ ናቸው የሚያውቁት" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን እንዳለኝ ግን አልገባኝም ነበር።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ለአልማዜ ነገርኳት። ግንባሯን መታች።

"የክርስትና ስሙ ነዋ! አይ እናንተ ጴንጤዎች። ሲነሳ የተሰየመበት ስም ነው፤ ቄሱና እናቱ ካልሆኑ ማን ያውቀዋል?"

"አንቺ ታውቂዋለሽ?"

"ቀብሩ ለታ ቄሱ ሲጸልዩ በሱ ነው የጠሩት፤ ግን በዚያ ለቅሶ መሃል ምን ይያዛል። የቆመ ሁሉ ሰምቷል። አንተስ አልሰማ..." ብላ አቆመች። "ውይ። ለካ አንተ አልመጣህም።"

ወረቀቷን ማገላበጥ ጀመረች። እኔም ወጣሁ።

አልሄድኩም። ያን ቀን ራሴን ያመኝ ነበር። ሥርዓታቸው የኛ አይደለም ብዬም ነበር። ባለቤቴ ሀዊ ያኔውኑ "ቀብር ደግሞ ሃይማኖት ይለያል እንዴ?" ብላኝ ብቻዋን ሄደች። አባቴ የሞተ ጊዜ ታዲዮስ ከእኛ ጋር ሦስት ቀን ድንኳን አድሯል።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

አሥራ ሁለት ቀን ቀረ። ወላጆች ከአሁኑ ውጤት ይጻፍልን እያሉ መዝገብ ቤቱን ሞልተውታል። አቶ ደግፌ "እናቱ ጋ ሂድና ጠይቅ፣ ምን ያስፈራሃል?" አሉኝ። ምን ያስፈራኛል።

አልማዜ የአስኮን ወሬ ይዛ መጥታለች። የዕድር ሰዎች ሳይቀሩ ራሱን ነው የገደለው እያሉ ነው። ራሱን ለገደለ ደግሞ ፍትሐት አይደረግም፤ ስለዚህ "ካህኑ ተታለው ነው የፈቱት" ይላሉ። አንዳንዶቹ አርባው ላይ አንገኝም ብለዋል። እናቱ ቤት ለቤት እየሄዱ "ልጄ እንዲህ አያደርግም" ይላሉ። ማን ላከው ሲሏቸው መልስ የላቸውም።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ሄድኩ።

ግቢው ውስጥ የዕድሩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ገና አልተመለሱም። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከበር ሲያዩኝ ወዲያው አወቁኝ። "ያደሳ ነህ አይደል? በስልኩ ፎቶህን አሳይቶኛል። ስምህን ሳያነሳ አይውልም ነበር።" እግዜር ያጥናዎት አልኩ፤ ከወር በኋላ። ለምን ቆየህ አላሉኝም። ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

"ያን ለታ እዚያ ነበርክ?"

"ሕንፃው ውስጥ ነበርኩ።"

"ማን ላከው?"

ግድግዳው ላይ የተመረቀበት ፎቶ አለ። እሱን እያየሁ "አላውቅም እማማ" አልኩ። ብያለሁ። እዚህ እጽፈዋለሁ፣ ብያለሁ።

ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። "የክርስትና ስም ለማሽን?" ብለው ደነገጡ። ሥራው ሁሉ በሱ እንደተቆለፈ፣ የብዙ ልጆች ውጤት ውስጡ እንዳለ አስረዳኋቸው። "ይህን ስም ለጠላት አይሰጡትም። መተት የሚያሠራ እሱን ነው የሚፈልገው። አንተ ግን ወንድሙ ነህ" አሉኝ። ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም፣ ግን ጎንበስ ብለው ጆሮዬ ውስጥ ነው የነገሩኝ።

እዚህ አልጽፈውም። የእኔ አይደለም።

እስከ በር ሸኙኝ። "ሳይጽፍ የማይነሳ ልጅ ነው። ስትከፍተው ያን ቀን ምን እንደጻፈ ንገረኝ። አርባው የፊታችን ቅዳሜ ነው፤ ናና ያየኸውን ተናገርልኝ" አሉ። እሺ አልኩ። አፌ እሺ ማለት ምን ያህል ይቀለዋል።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

በላቲን ፊደል ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ሞከርኩ። በሦስተኛው ተከፈተ።

መዝገቡ ሙሉ ነው። አልማዜ ከጎኔ ቆማ የራሷን ልጅ የስምንተኛ ክፍል ውጤት አውጥታ እልል አለች። አቶ ደግፌ ጨበጡኝ። እስኪወጡ ጠበቅኩ።

"ሥራ" የሚለውን ፋይል ከፈትኩ። ሐምሌ 4፦ ማተሚያ፣ ያዘዘው አልማዜ። ሐምሌ 7፦ የላብራቶሪ ኬብል፣ ያዘዘው ያደሳ። ከዚያ በታች "ሐምሌ 8፣ 8፡40" ይላል። ከሱ በኋላ ምንም የለም። ባዶ ነው። ነጩ መስመር መጨረሻ ላይ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል፣ የሚጽፈውን እንደሚጠብቅ።

ፋይሉን ዘጋሁት። አቶ ደግፌ ኮሪደር ላይ "ሌላ ያገኘኸው ነገር አለ?" አሉ። የለም አልኳቸው። "ጎሽ" አሉ።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ደስ አለኝ። ስጽፈው አፍራለሁ፣ ግን ትናንት ማታ ወር ሙሉ ያላገኘሁትን እንቅልፍ ተኛሁ። ማንም ምንም ማሳየት አይችልም። ለእናቱ "ምንም አልጻፈም" ብላቸው እውነት ነው፤ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ግን ያን ባዶ መስመር ይዘው ድንኳኑ ውስጥ ምን ሊሉ ነው? ቀኑን ጽፎ ሌላ ሳይጽፍ ተነሥቶ ወጣ። ለሚያሙት ሰዎች ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አለ?

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ልጻፈው።

ሐምሌ 8 የካርድ ቀን ነበር። ወላጆች በአዲሱ ሕንፃ ተሰልፈዋል፣ ሁለቱን ሕንፃ የሚያገናኘው የጣሪያው አንቴና ዘንበል ብሎ መረቡ ተቋርጧል። አቶ ደግፌ ደውለው ጮኹብኝ። እኔ ደግሞ ከደረጃው ሥር ወርጄ ታዲዮስ ላይ ጮህኩበት። ፋይሉን ከፍቶ ቀኑን ጽፏል። "ዝናቡ ትንሽ ያባራ፣ ቆርቆሮው ያንሸራትታል" አለኝ። "ጨው ነህ እንዴ ትሟሟለህ?" አልኩት። ሳቀ። የእውነት ሳቀ፣ አልተቆጣም። "እሺ፣ ይቺን ልጻፍና" አለ። "ስትመለስ ትጽፈዋለህ፣ ሂድ" አልኩት።

ጃኬቱን ደረበ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ድምፁን ሰማሁ፤ የከባድ ዕቃ ድምፅ ነበር የመሰለኝ፣ ወንበር ጣሉ ብዬ ተናደድኩ።

ይህን ረስቼው ነበር ብዬ ልጽፍ አሰብኩ። አልረሳሁትም። መርሳት የፈለግኩትን ነገር ሁሉ ለማሽኗ ትቼው ነበር፤ እሷ ትናገራለች ወይ አትናገርም እያልኩ ስፈራ ከረምኩ። ባዶውን መስመር ባዶ ያደረግኩት ግን እኔው ነኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔ አፍ ሰው ይዞ ነው የወጣው።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

ለሀዊ ነገርኳት። ሳህን እያጠበች ነበር፣ ውኃውን ዘጋች። "ሥራህን ታጣለህ" አለች። አውቃለሁ አልኳት። "ሊያስሩህም ይችላሉ፣ በሐሰት ፈርመሃል።" እሱንም አውቃለሁ። ልታቅፈኝ ነው ብዬ ነበር።

"ታዲያ ለምን ለእኔ ትነግረኛለህ?" አለችኝ። "እኔ አይደለሁም እኮ የጠየቅኩህ።"

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ቅያሬ ልብስ ተኮስኩ። ማሽኑ ደህና እየሠራ ነው፤ ዛሬ ሃምሳ ስድስት ተማሪ ውጤት ወስዷል።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ሀዊ አብራኝ መጣች። ድንኳኑ ከፈራሁት ይልቅ ሞልቶ ነበር፤ አንገኝም ያሉትም ሳይቀሩ መጥተዋል፣ ወሬ ሊሰሙም ይሁን ሊበሉ። አቶ ደግፌ ከካህናቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሻይ ክፍል ያየኋቸው ሁለቱ መምህራን ጥግ ይዘዋል። ጸሎቱ አልቆ ምግብ ቀርቧል። ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ መግቢያው ላይ ትሪ ይዘው ቆመዋል። "ከፈትከው?" አሉኝ።

"ከፈትኩት።"

"ምን ይላል?"

"ቀኑን ብቻ ነው የጻፈው። ሌላውን እንዳይጽፍ ያጣደፍኩት እኔ ነኝ። ጣሪያ ላይ የላክሁትም እኔ ነኝ። ዝናብ ነው አለኝ፣ አልሰማሁትም። ወረቀቱም ውሸት ነው።"

ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እጅጌዬን ሲይዙት ተሰማኝ። እንደያዙኝ በተቀመጠው ሰው መሃል ጎትተው ድንኳኑ መካከል አቆሙኝ።

"አሁን ያልከውን እዚህ ድገመው" አሉ።

ደገምኩት። ድምፄ አልወጣም፣ ዝናቡም በለጠው። ከፊት ያሉት ብቻ ናቸው ቀና ያሉት። አቶ ደግፌ የጠቀለሉትን ጉርሻ ሳይጎርሱ መልሰው አስቀመጡት።

"ጮክ በል። እዚያ ጥግ ያሉት አልሰሙም።"

ጮክ ብዬ አልኩት። የላክሁት እኔ ነኝ፣ እሱ አልፈለገም ነበር። አንድ ሰው "ውይ!" አለ። እናቱ አላለቀሱም፣ ወደ እኔም አላዩም፤ የሚያዩት ሕዝቡን ነው፣ በየፊቱ፣ አንድ በአንድ። እጅጌዬን አልለቀቁም።

"ውጭ ሸራው ሥር የተጠለሉ አሉ" አሉኝ። "እነሱም ይስሙ።"

ሦስተኛም አልኩት።